በአባቱ ስም የታሸገ ስህተት

ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ማድ ቤት ባላት ቤት ውስጥ ሦስት ትውልድ ሳይጣላ ይኖር ነበር ብዬ ብጀምር “ኧረ ተወን” የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን፤ ግን ነበር። በአንደኛው ክፍል አባት፣ በሌላኛው ልጁ ከሚስቱና ከአምስት ዓመት ሴት ልጁ ጋር። አባትየው ሚስቱን የቀበረው ልጁ ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላው ነው። ሌላ ሴት አግባ ሲሉት ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ፣ ካልሲ እያጠበ፣ ትኩሳት እየለካ፣ ሽንኩርት እየከተፈ ብቻውን አሳደገው። ደግ ቃል ከአፉ የማይወጣ ኮስታራ ሰው ነው፤ የሚወደውን ሰው የሚሳደብ ዓይነት። ልጁ ይህን ስለሚያውቅ ስድቡን እንደ ምርቃት ይቀበለዋል። ምራቱም መጀመሪያ ሰሞን እያለቀሰች፣ ኋላ እየሳቀች ለመደችው።

አባትና ልጅ ሁለቱም የስልክ ኬብል ሠራተኞች ናቸው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ቡድን። ሥራቸውን ለማያውቅ ላስረዳ። ክንድ በሚያህል ኬብል ውስጥ መቶ፣ ሁለት መቶ ጥንድ ቀጫጭን ሽቦ አለ። እያንዳንዱ ጥንድ የአንድ ቤት ስልክ ነው። ኬብል ሲበጠስ ወይም ሲረዝም፣ የዚህኛውን ጫፍ ጥንዶች አንድ በአንድ ከዚያኛው ጫፍ ጓደኞቻቸው ጋር በቀለማቸውና በተራቸው መቀጠል ነው ሥራው። አንዱ ከተዛነፈ የዳኛው ስልክ ልብስ አጣቢው ቤት ይጮኻል። ልጅየው ከቁጥር በፊት የተማረው የእነዚህን ሽቦዎች የቀለም ተራ ነው፤ አባቱ የእራት ጠረጴዛ ላይ ቁርጥራጭ ሽቦ ደርድሮ ነው ያስተማረው። አድጎ ቡድኑ ውስጥ ሲገባ “ማሽኑ” አሉት። መሰላል ላይ ቆሞ፣ ከታች ካሉት ጋር ስለ ኳስ እየተከራከረ፣ መቶ ጥንድ ሲቀጥል አንዲት አይስትም ነበር።

እነዚህ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። መጋጠሚያው አልቆ ሽፋኑ ከመታሸጉ በፊት፣ የሠራው ሰው በትንሽ ወረቀት ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ውስጥ ያስቀምጣል። ከዓመታት በኋላ ብልሽት መጥቶ ሽፋኑ ሲከፈት የማን እጅ እንደነበረ ይታወቃል። የቢሮ ደንብ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ክብራቸው ነው። አባትየው በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ በስሙ የተመዘገበበት ስህተት ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱንም ከነቀናቸው በቃሉ ያውቃቸዋል፣ ሲያነሷቸውም ፊቱ ይጠቁራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅየው ከመሰላል ወደቀ። ከፍታው ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም። የራስ መከላከያ ቆቡን አድርጓል፣ ማሰሪያውን ግን አላሰረም፤ ቆቡ ወዲያ በረረና የኋላ ጭንቅላቱ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ መታ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ዓይኑ ተከድኖ ቀረ። ከዚያ ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ሳቀ።

“ወደቅሁ እንዴ?” አለ።

“ወድቀህ ነው እንጂ እንቅልፍ ወስዶህማ አይደለም” አለው አባቱ፤ ሰዎቹ ሳቁ።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ “ወደቅሁ እንዴ?” አለ እንደገና። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ሆስፒታል ወሰዱት፤ ጭንቅላቱን በማሽን አነሡት። ተረኛው ሐኪም ምስሉን አገላብጦ አየና የተሰበረ አጥንት የለም፣ የፈሰሰ ደም የለም፣ ምስሉ ንጹህ ነው አለ። “ይረፍ፤ ራስ ምታቱ ካልተወው፣ ነገር መርሳት ካበዛ መልሳችሁ አምጡት” ብሎም ጨመረ። አባትየው የሰማው “ንጹህ ነው” የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ሰው ሲፈራ ጆሮው መርጦ ነው የሚሰማው። ልጅየው ሦስት ቀን ተኛ፤ በአራተኛው ቀን አባቱ ጠዋት በሩን አንኳኩቶ “ማሽን ይዝጋል እኮ” አለው። ተነሥቶ ሄደ።

ለውጡን መጀመሪያ ያየችው ሚስቱ ናት። በአንዲት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ትሠራለች፤ ለነገር የማትቸኩል፣ ከዓይኗ ምንም የማያመልጥ ሴት ናት። ባሏ መጋረጃው ሲገለጥ ፊቱን እንደሚሸፍን አየች። ጋዜጣ ይዞ አንዱን አንቀጽ ሦስት ጊዜ እያነበበ ወደ ሁለተኛው ማለፍ እንደሚያቅተው አየች። “ያንን... ያንን... የሚበላበትን” ይላታል፣ ማንኪያ ለማለት። ሁለት ሰው እኩል ካወራ ጭንቅላቱን ይይዛል። አንድ ቀን ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት ሊያመጣ ወጥቶ ዳቦ ይዞ ተመለሰ። ትንሿ ልጅ ባዶ ግቢ ውስጥ ከዘበኛው ጋር ተቀምጣ ስትጠብቀው ነበር። ዱሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው፣ ሕፃኗ ስትስቅ “ዝም በይ” እያለ ይጮኽባት ጀመር፤ ከዚያ ደግሞ በራሱ አፍሮ ግድግዳ እያየ ያለቅሳል። ልጅቱ ምን አደረገች መሰላችሁ? ሳቋ ሲመጣባት ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀብራ መሳቅ ተማረች። የአምስት ዓመት ልጅ! ልጅነት በትራስ ታፍኖ ሲያልፍ ማየት ለእናት እንዴት ያለ እሳት ነው?

አንድ እሑድ ልጅየው ለአባቱ ሊነግረው ሞከረ። አባትየው መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የሥራ መቆንጠጫውን ዘይት ይቀባል።

“አባዬ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ነገሩ ይዘገይብኛል። ሽቦውን አየዋለሁ፣ ቀለሙን አውቀዋለሁ። ግን ስሙ እስኪመጣልኝ ቀድሞ የያዝኩት ይጠፋኛል።”

“ምስሉን አይተነዋል እኮ” አለ አባቱ፣ ቀና ሳይል። “ንጹህ ነው ተባለ። የሌለ በሽታ ከየት ነው የምታመጣው?”

“እኔ እንጃ...”

“እንጃ በሽታ አይደለም። ስንፍና ነው። ሥራ ያድንሃል።”

ልጅየው “እሺ” ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቱ ፊት እጁን ወደ ጭንቅላቱ አላነሣም። ሲያዞረው ግድግዳ ይደገፍና ቀልድ ያወራል። ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ይከፍታል፤ ሲያስመልሰው እንዳይሰማ።

አባትየው ክፉ ነበር? ክፉማ ቢሆን ታሪኩ ቀላል ነበር፤ ጥፋተኛውን ጠርተን እንራገም ነበር። ሰውየው የፈራው ሌላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ባልደረባቸው ራሴን ያዞረኛል ብሎ አመለከተ። ከመሰላል አወረዱት፣ ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጡት፣ ብሎን ሲለቅም ሲያስቀምጥ ይውል ጀመር። ያ ሰው በጤናው ጊዜ የቡድኑ ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ በዓመቱ አንገቱን ደፍቶ፣ ለሰላምታ እንኳ እየሰነፈ፣ ሥራውን ተወ። አባትየው ልጁን በዚያ ግምጃ ቤት ወንበር ላይ አድርጎ ያየዋል፤ ባየው ቁጥር ግን ከአፉ የሚወጣው ስድብ ነው።

በሁለተኛው ወር አቤቱታ መጣ። አሥራ ሁለት ቤቶች ስልካቸው ተዛንቋል። የጥርስ ሐኪም ፈልጎ የደወለ ሰው የሚያነሣለት የሬሳ ሳጥን ሠሪ ነው። ቢሮው ውስጥ ተሳቀ። አባትየው ግን አካባቢውን ሲሰማ ማን እንደሠራው ገባውና “እኔ እሄዳለሁ” አለ። ምሰሶው ላይ ወጥቶ ሽፋኑን ከፈተ። የልጁ ወረቀት ቁጭ ብላለች፤ ፊደሉ እንኳ ተንሻፏል። ሽቦዎቹ... ያ እራት ጠረጴዛ ላይ የተማሩት ተራ የለም፣ ቢጫው ከሰማያዊው፣ ሰማያዊው ከማን እንደሆነ አይታወቅ። ከታች መንገደኛ እያየው እንባው መጣ። እንደገና ፈታ፣ እንደገና ቀጠለ፣ ሁሉንም አስተካከለ። ከዚያ የልጁን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና በሌላ ወረቀት ላይ የራሱን ስም በዚያው በድሮው ቀን ጽፎ አሸገ። የጥገና ቅጹም ላይ “ስህተቱን የሠራው” በሚለው ቦታ የራሱን ስም ሞላ።

ለልጁ ግን አልነገረውም። ይኼ ነው የሚያበግነው! ቢነግረው ኖሮ ልጅየው እንደታመመ በገዛ እጁ ሥራ ያውቅ ነበር። አባትየው ግን እንዲህ ዓይነት ውለታ የሚነገር አይመስለውም፤ ስሙን ለልጁ ሰጥቶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ቤት ሲገባ “ዛሬስ ምን አበላሸህ?” ብሎ ይቆጣል። በአራት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። ሁለት የነበረው የዕድሜ ልክ ስህተቱ ሰባት ሆነ። አለቃው፣ ከእሱ በሃያ ዓመት የሚያንስ ሰው፣ ጠርቶ “ጋሼ፣ ዓይንዎ ደከመ እንዴ?” አለው። “እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ” ብሎ ሳቀ። ቡድኑም “ጋሼ ዛሬ የትኛውን ሰፈር ከየትኛው አጋቡት?” እያለ ይቀልድበት ጀመር። በመጨረሻ አለቃው እንዳይከፋው ብሎ በለሆሳስ መሰላል እንዳይወጣ፣ ከታች ሆኖ እንዲያግዝ ብቻ አዘዘው። ያንንም ዋጠው። በልቡ ልጄን አዳንኩት ይላል።

ልጅየውስ? ልጅየው ያንን ቀልድ ሰማ፤ አመነም። አባዬ ደከመ፣ አባዬ እያረጀ ነው አለ። እናም ከዚያ ወዲያ ጭንቅላቱ ሊፈነዳ ቢደርስም አርፋለሁ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። የአባቱንም ድርሻ ደርቦ መሥራት ያዘ። ሁለት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንዱ ለአንዱ ሲል፣ እርስ በርስ እየተደባበቁ ይጠፋፉ ነበር። ከዚህ የባሰ መፋቀር የት አለ?

ሚስትየው አልታገሠችም። አንድ ጠዋት ከመደብሩ ፈቃድ ጠይቃ፣ ባሏን ክንዱን ይዛ ወደ አንዲት የነርቭ ሐኪም ወሰደችው። ሐኪሟ ዕድሜዋ የገፋ፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። አምስት ቃላት ነገረችውና ቆይታ መልሰህ ንገረኝ አለችው፤ ሁለቱን ብቻ አስታወሰ። ከመቶ ወደ ኋላ ሰባት ሰባት እየቀነስክ ቁጠር አለችው፤ ሁለተኛው ላይ ተያዘ። የዓመቱን ወራት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ንገረኝ ስትለው ዓይኑ እንባ አቀረረና “ይቅርታ፣ ዱሮ እንዲህ አልነበርኩም” አላት።

“ምስሉ ንጹህ ነው ተብለን ነበር” አለች ሚስቱ።

“ምስሉ አልዋሸም፤ ማየት የሚችለውን ነው ያየው” አለች ሐኪሟ። “ያ ማሽን የተሰበረ አጥንትና የፈሰሰ ደም ያሳያል። አንጎል ግን በነርቭ ክሮች የተሞላ ነው፤ ከጠጉር በብዙ እጥፍ የሚቀጥኑ ክሮች። ጭንቅላት ድንገት ሲመታ አንጎል ውስጥ ለውስጥ ይናጣል፣ ይጠማዘዛል። ያን ጊዜ ክሮቹ ይለጠጣሉ። አንዳንዱ ያኔውኑ አይበጠስም፤ ውስጡ ይጎዳል፣ ያብጣል፣ መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል። ለዚህ ነው ማሰብህ የሚዘገየው፣ ሐሳብ ይዘህ ማቆየት የሚያቅትህ፣ ቶሎ የምትቆጣው።”

ልጅየው “በኃይል እንደተጎተተ ኬብል ማለት ነው” አለ። “ከላይ ስታይው ደህና ነው፤ ውስጡ ግን ሽቦው ተስቦ ቀጥኗል። አባዬ ሁልጊዜ ይላል፣ ኬብል በድንገት አትጎትቱ ይላል።”

“እንደዚያ ነው” አለች ሐኪሟ። “አብዛኛው ሰው ካረፈ ይድናል። አንተም ልትድን ትችላለህ። ግን መሰላል መውጣት የለብህም። የተጎዳው ሳይሽር ሌላ ምት ካገኘህ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ምን እንደሚመጣ ልነግርህ አልችልም።”

ደብዳቤ ጻፈችላቸው። ለረጅም እረፍት ግን የቅርብ አለቃው በሥራው ላይ የታየበትን ለውጥ አረጋግጦ ለዋናው መሥሪያ ቤት መላክ ነበረበት። ሚስትየው ወደ ቤት እስክትደርስ ልቧ እየዘለለ ነው። ማታ እራት ላይ ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ፣ የተጎተተውን ኬብል ጨምራ፣ ለአማቷ ነገረችው። አባትየው ጉርሻው በጁ እንዳለ ቀረ። ገባው! ከማንም በላይ ለእሱ ነው የሚገባው፤ ሠላሳ አራት ዓመት የኖረበት ነገር ነው። “አባባ” አለችው፣ “ነገ ቢሮ አብረውን ይምጡ። አብረውት ነው የሚሠሩት፣ ያዩትን ይመስክሩልን። ከእርስዎ ሌላ ማን አለን?” አባትየው ምራቱን አየ፣ ልጁን አየ፤ “እሺ” አለ።

በማግስቱ አለቃው ቢሮ አራቱ ተቀመጡ። አለቃው ደብዳቤውን አንብቦ ከመደርደሪያው የጥገና ቅጾቹን አወጣ፤ ቅን ሰው ነው፣ መርዳት ፈልጓል። ገለጠ፣ ገለጠ፣ ከዚያ ግራ ተጋባ። “የሱ ሥራ ላይ ምንም እንከን የለም እኮ” አለ። “ከወደቀ ወዲህ አንድም አቤቱታ በስሙ አልተመዘገበም። ያለው ሁሉ የጋሼ ነው። እኔ ይህን ይዤ ልጁ ታሟል ብዬ ብጽፍ ማን ያምነኛል?” ከዚያ ወደ አባትየው ዞረ። “ጋሼ፣ እነዚህ አምስት ስህተቶች የእርስዎ ናቸው አይደል?”

አንዲት ቃል! “አይደሉም” ብትባል በቃ። አባትየው አፉን ከፈተ። ወረቀት ለዋጭ፣ ቅጽ አጭበርባሪ ተብሎ ሊባረር ነው፤ ያ እንኳ ግድ አልሰጠውም። ያ የግምጃ ቤት ወንበር ታየው። ልጁ ብሎን ሲለቅም ታየው። ጥቂት ጊዜ ቢታገሥ ይሽለው ይሆናል፣ እስከዚያ እኔ እሸፍንለታለሁ አለ በልቡ። ምራቱ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

“የኔ ናቸው” አለ።

ሚስትየው ወንበሩን ጨብጣ ተነሣች። ልጅየው ግን ምን ያህል የዋህ ነው! ወደ አባቱ ጠጋ ብሎ ትከሻውን ያዘ። “አይዞህ አባዬ” አለው። “አንተ እያለህ እኔ አላርፍም። ያንተንም እኔ እወጣልሃለሁ።”

ከስምንት ቀን በኋላ፣ እረፍቱ ሳይፈቀድ ቀርቶ፣ ቡድኑ አንድ ረጅም ምሰሶ ሥር ቆመ። ፀሐይዋ ትጠብሳለች። አባትየው መሰላል የተከለከለ ሰው ነውና የመሰላሉን እግር ይዞ ቆመ። ልጅየው የቆቡን ማሰሪያ ጥብቅ አድርጎ አሰረ፤ ሚስቱ በየቀኑ ስለምታስምለው አይረሳትም። ወጣ፣ ወጣ፣ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። ለምን እንደሚወጣ ጠፍቶበት ነው። አባትየው ገባው። “ውረድ ልጄ” ሊለው ነበር። ከበስተኋላው ግን አንዱ ሠራተኛ “ማሽኑም እንደ አባቱ ሊሆን ነው እንዴ?” ሲል ሰማ፤ ሰዎቹ ሳቁ።

“ምን ያፈዝሃል፣ ውጣ!” አለ አባትየው።

ልጁ ሁልጊዜም ታዛዥ ነበር። ሦስት መወጣጫ ወጣ፣ እጁን ወደ ግንባሩ አነሣ፣ ወደቀ። ቆቡ ከራሱ ላይ አልተነቃነቀም። አንዲት ጠብታ ደም አልፈሰሰም። ቆብ አጥንት ያድናል፤ ውስጥ የሚናጠውን ግን ማን ይይዘዋል? አባትየው መሬት ላይ ተቀምጦ የልጁን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ “ንጹህ ነህ፣ ምንም አልሆንክ፣ ንጹህ ነህ” እያለ አምቡላንስ እስኪመጣ ያሻሸው ነበር።

ልጅየው ሃያ ሦስት ቀን ሳይነቃ ቆየ። አባትየው ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያችን የነርቭ ሐኪም አገኛት፤ ያንኑ ነገር ደግማ ነገረችው፤ ቀድሞ የተለጠጠው በሁለተኛው ምት መበጠሱን ጨምራ። ሰውየው እንደ ተማሪ ቆሞ ሰማት፣ አመስግኗት ሄደ። ከዚያ ቀጥታ ወደ አለቃው ቢሮ ገብቶ ከኪሱ አምስት የተጣጠፉ ወረቀቶች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ አምስቱም የልጁ ስም አለባቸው፣ አምስቱም ፊደላቸው ተንሻፏል። አለቃው አይቶ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። “አሁን ምን ያደርግልኛል ጋሼ?” አለ። “አሁን ምን ያደርግልኛል?” አባትየው በዚያው ሳምንት ከሥራ ተሰናበተ፤ ሠላሳ አራት ዓመት የደከመለት ስም በአንድ ገጽ ደብዳቤ ተዘጋ።

ለምራቱም ነገራት። የምትጮኽበት፣ የምትሰድበው መስሎት ተዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን የትንሿን ጠጉር እየጎነጎነች ነበርና እጇን ሳታቆም “አባባ፣ ‘እሺ’ ብለውኝ ነበር እኮ” አለችው። ሌላ ምንም አላለችውም። እስከ ዛሬ ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ ደህና አደሩ ትለዋለች። ከዚያ ያለፈ ቃል በመካከላቸው የለም። ስድብ እንዴት እንደናፈቀው ብታዩ ታዝኑለት ነበር።

ልጅየው ነቃ። ነቃ! ሚስቱ ስሙን ስትጠራው ስሟን ጠራ፤ ልጁን አወቃት፤ አባቱንም አወቀ። ቤቱ በደስታ ተሞላ፣ ለአራት ቀን። ከዚያ ሐኪሟ እውነቱን ነገረቻቸው። የድሮው ትዝታ ሁሉ አለ፤ ከመጀመሪያው አወዳደቅ በኋላ ያሉት እነዚያ የጭንቅ ወራትም አሉ። አዲስ ነገር ግን አይያዝለትም። ዛሬ የሰማውን ነገ አያገኘውም። ማገገም የምንለው ነገር፣ አለች ሐኪሟ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ፣ ከእንግዲህ ትንሽ ነው።

ወደ ቤት በገባ በሁለተኛው ቀን አባትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገረው። ወረቀቶቹን፣ ቅጹን፣ ቢሮ ውስጥ ያለውን፣ መሰላሉ ሥር ያለውን። ድምፁ እየተቆራረጠ “ታመህ ነበር ልጄ። እውነትህን ነበር። እኔ ነኝ የካድኩህ” አለው። ልጅየው ሰማው፤ ፊቱ ቀስ በቀስ ተፈታ።

“አመንከኝ?” አለ።

“አመንኩህ።”

“እንግዲያ ባርፍ አትቆጣም?”

“አልቆጣም። እረፍ ልጄ።”

ልጅየው አለቀሰ፤ በወራት ውስጥ ሳይደበቅ ያለቀሰው የመጀመሪያው ለቅሶ ነው። እጁን ወደ ጭንቅላቱ አነሣ፣ አባቱ እያየው፤ “እዚህ ጋ ነው የሚያመኝ” አለ። አባትየው ያችን ቦታ ሳማት። ልጁም እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ እንቅልፍ ወሰደው። አባትየው ከክፍሉ ሲወጣ ምሕረት ያገኘ ሰው ነበር። መስኮቱ ሥር ተቀመጠና አምላኩን አመሰገነ።

ሰዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ዕድል ነው ይላሉ፤ የተጻፈበት ነው ይላሉ። እኔ አልልም። ዕድል ምን አደረገ? ዕድል ሁለት ሜትር ከማይሞላ ከፍታ ጣለው፣ ከዚያ ለመዳን ብዙ ወራት ሰጠው፤ ሐኪም ሰጠው፣ ሚስት ሰጠው፣ ደብዳቤ ሰጠው። ቀሪውን የሠራነው እኛው ነን፤ ይሉኝታችን፣ ኩራታችን፣ በፍቅር ስም የምንደባበቀው ነገር። ከምንወደው ሰው አፍ “አሞኛል” የምትል ቃል ስትወጣ ማመን ይህን ያህል ከበደን? ዕድልን መክሰስ ይቀላል፤ መልስ አይሰጥማ።

በማግስቱ ማለዳ አባትየው የውኃ ድምፅ ሰምቶ ነቃ። ቧንቧው ተከፍቷል። ልጁ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ አንድ እጁ ጭንቅላቱን ይዟል፣ ሌላው ግድግዳውን። የሥራ ልብሱን ለብሷል፤ ቁልፎቹን አዛንፎ ቆልፏቸዋል። አባቱን ሲያይ ደነገጠ፣ እጁን ቶሎ አወረደ፣ ፈገግ አለ። “ደህና ነኝ አባዬ” አለ። “ምንም አላመመኝም፣ እንዳትቆጣ። አንተ ደክመሃል፣ ዛሬም እኔ እወጣልሃለሁ።”

ትናንት የተባለው ሁሉ የለም። ጠፍቷል። አባትየው ተንበርክኮ እንደገና ነገረው፤ ልጁ እንደገና ጠየቀ፣ እንደገና አለቀሰ፣ እንደገና ተኛ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ልጅየው በየማለዳው ሕመሙን ከአባቱ ደብቆ፣ ለብሶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። አባትየውም በየማለዳው አጠገቡ ይቀመጥና፣ የተዛነፉትን ቁልፎች አንድ በአንድ እየፈታለት፣ “አምኜሃለሁ ልጄ” ይለዋል።